አስራ አምስተኛው መካኒክ

ጋሽ እምሩ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አስራ አራት መካኒክ ፈትተዋል። ሚስት ያገቡት አንዴ ነው፤ እስከ ዛሬም አብረው አሉ። ፀጉራቸውን ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ የሚቆረጡት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው፤ ቆራጩ ሲሞት ልጁ ተተካ፣ እሳቸው ወንበር አልቀየሩም። ጠበኛ ሰው አይደሉም ማለት ነው። መካኒክ ላይ ግን አልሆነላቸውም።

ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም። መኪናዋ ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ ዕድሜዋ ከልጃቸው ከሐሴት በአሥር ዓመት ይበልጣል፤ ጠባይዋ ግን ከብዙ ሰው ይሻላል። ጥፋቱ የሚከፍቷት ሰዎች ነው። አንዱ ደህናውን ባትሪ አውጥቶ ነፍሱ የወጣውን ከተተላት። አንዱ ፍሪሲዮኗን ሠርቶ ሲጨርስ መሬት ላይ ሦስት ብሎን ተረፈው፤ ጋሽ እምሩ «እነዚህስ?» ቢሉት «ፋብሪካው ትርፍ አድርጎ ነው የሚልከው» አላቸው፤ ሳይስቅ። አንዱ ደግሞ «ልሞክራት» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ይዟት ወጥቶ፣ ሰርግ አጅቦባት አመሻሽ ላይ መለሳት። ሪባኑን እንኳ ከመስታወቷ ላይ አልፈታም።

ጋሽ እምሩ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ መነጽር ቤት አላቸው። የሚገባው ደንበኛ ሁሉ ፍሬሙን እያገላበጠ «ኦሪጅናል ነው?» ይላቸዋል። ይምላሉ። ደንበኛው አያምናቸውም፤ በር ላይ ወጥቶ በፀሐይ ያየዋል፤ በጥርሱ ነክሶ የሚሞክርም አለ። ይህ በጣም ያናድዳቸዋል። ሰው እንዴት ሰው አያምንም?

ለመካኒክ ግን የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። መኪናዋን ጥለው አይሄዱም፤ ተጣጣፊ በርጩማ ይዘው ሄደው ከሠሪው ራስጌ ይቀመጣሉ፣ እጁን ይቆጣጠራሉ። ዕቃ ከተቀየረ አሮጌውን በፌስታል ቋጥረው ወደ ቤት ይወስዳሉ። አልጋቸው ሥር የተቃጠሉ ካንዴላዎች፣ የተበሱ ቱቦዎችና አንድ ሙሉ ዲናሞ ተኝተዋል። ባለቤታቸው «ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» ሲሏቸው «መረጃ ነው» ይላሉ። የዚህ ሁሉ ቁንጮ ግን ለማንም ያልተናገሩት ዘዴ ነው። መኪናዋ ጋራዥ ማደር ግድ ከሆነባት፣ የሐሴትን ቀይ የጥፍር ቀለም በኪሳቸው ይዘው ይሄዱና ሰው ሳያይ በየዕቃው ላይ አንድ አንድ ነጥብ ያሳርፋሉ። ባትሪው ላይ አንድ፣ ዲናሞው ላይ አንድ፣ እያለ ይቀጥላል። መኪናዋን ሲረከቡ ነጥቦቹን ይቆጥራሉ። ነጥብ የሌለው ዕቃ የእሳቸው አይደለም። የመጨረሻዎቹን ሦስት መካኒኮች የፈቱት በዚህ ነው፤ ሦስቱንም በትክክል።

ስለ ሱፊያን የነገሯቸው የዕድራቸው ዳኛና የማኪያቶ ባልደረባቸው ጋሽ ካሣሁን ናቸው። ፒያሳ፣ ሁልጊዜ ከሚቆሙበት ባንኮኒ ተደግፈው ነበር።

«ታማኝ ልጅ አገኘሁልህ» አሉ ጋሽ ካሣሁን።

«ታማኝ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ወረፋ የለውም።»

ይህ ለጋሽ እምሩ በቂ ማስረጃ ሆኖ ታያቸው።

የሱፊያን ጋራዥ እሪ በከንቱ ቁልቁል ወርዶ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ሁለት መኪና የማታስገባ ግቢ ናት። ሱፊያን ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው እዚሁ አራዳ የወለዱት፣ ከሰው ይልቅ ሞተር ሲናገር የሚያዳምጥ ልጅ ነው። የዲኤክሷን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። አራቱን ካንዴላ ነቀለ፣ በብሩሽ ፈተጋቸው፣ መልሶ አሰራቸው። ሞተሩ ተስተካከለ።

«ስንት ነው?» አሉ ጋሽ እምሩ።

«ምንም አይደል ጋሼ። ቆሻሻ ነው የጠረግኩት።»

ጋሽ እምሩ እየነዱ ሲመለሱ ነገሩን አብሰለሰሉት። ያስከፈላቸውን አስራ አራቱን ሰዎች ያውቋቸዋል፤ ምን እንደፈለጉም ያውቃሉ። ምንም ያልጠየቀ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ለሚቀጥለው ጊዜ ተጠንቅቀው ለመሄድ ወሰኑ።

የሚቀጥለው ጊዜ ሩቅ አልነበረም። መኪናዋ ሚኒሞ አልይዝ አለች፤ መብራት ባስቆማት ቁጥር ትጠፋለች፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ሁሉ ይሰድባቸዋል። ሱፊያን አይቶ ካርቡራቶሩ ወርዶ መታጠብ እንዳለበት፣ ተዘፍዝፎም እንደሚያድር ነገራቸው። ጋሽ እምሩ በርጩማቸውን ሲዘረጉ ቀና ብሎ አያቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በርጩማውን ይዘው ይሂዱ። ሰው ራሴ ላይ ሲቀመጥ እጄ ይሳሳታል።»

ጋሽ እምሩ በርጩማውን አጠፉ። ከዚያ ጠማኝ ብለው ውኃ አስመጡት። ሱፊያን ብርጭቆ እስኪያለቀልቅ ድረስ ሰባት ነጥብ አሳረፉ፤ እጃቸው በዚህ ሥራ ፈጣን ነው። ውኃውን ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ።

በማግስቱ መኪናዋ እንደ አዲስ ሆና ጠበቀቻቸው። ዳገቱን ስትወጣ አልተንተፋተፈችም። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ሲቆሙ ሞተሩ እየሠራ መሆኑን በጆሯቸው ሳይሆን በእግራቸው ነው ያወቁት። ጋሽ እምሩ ደስ ሊላቸው ሲል ራሳቸውን ያዙና ዳር ይዘው ቆሙ፤ ኮፈኑን ከፈቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ካርቡራቶሩ ላይ ነጥብ የለም። ደግሞም ያብረቀርቃል። የእሳቸው ካርቡራቶር በሕይወቱ አብረቅርቆ አያውቅም።

እዚያው አዙረው ቁልቁል ወረዱ። የጋራዡን በር እንደተደገፉ ጎረቤት ሁሉ እስኪወጣ ጮኹ።

«ሌባ! ካርቡራቶሬን አምጣ!»

ሱፊያን እጁን እየጠረገ መጣ። «ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ ነው። አጥቤ ነው የመለስኩት።»

«የእኔን አውቀዋለሁ!»

«በምን ያውቁታል?»

እዚህ ላይ ጋሽ እምሩ ስለ ጥፍር ቀለሙ ቢናገሩ ኖሮ ይህ ታሪክ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን ዘዴውን ለሌባ ማን ይነግራል? «የማውቀውን አውቃለሁ!» ብለው አስራ አምስተኛውን መካኒክ በእሪ በከንቱ ሕዝብ ፊት ፈቱ። ሱፊያን ቆሞ ቀረ። አልተሳደበም፤ ይህንንም የጥፋተኝነት ምልክት አድርገው ያዙበት።

ከዚያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አወሩ። ለፀጉር ቆራጩ ነገሩ። መነጽር ሊገዛ ለመጣ ሰው ሁሉ ነገሩ። ማኪያቶ ቤት ሲነግሩ ግን ጋሽ ካሣሁን ብርጭቆውን አስቀመጡና አንድ ነገር አልገባኝም አሉ።

«መኪናዋ አሁን እንዴት ናት?»

«እንዲህ ሄዳ አታውቅም።»

«ስለዚህ የሚበላሸውን ሰርቆህ የሚሠራውን ገጠመልህ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እሱን ነው ያልደረስኩበት» አሉ ጋሽ እምሩ፤ ከልባቸው ነበር።

በስድስተኛው ቀን ለዕድሩ ድንኳን አንድ ጆንያ ሽንኩርት ሊገዙ አትክልት ተራ ወረዱ። ሻጯ ወይዘሮ ካሚላ ባላቸው ከሞተ ወዲህ መጋዘኑን ለብቻቸው የያዙ፣ ሚዛናቸውም ቃላቸውም የማይነቃነቅ ሴት ናቸው። ጆንያው ሲመዘን ጋሽ እምሩ ያንን ወሬ ለእሳቸውም አወሩላቸው።

«ስሙ ማነው አሉኝ?» አሉ ወይዘሮ ካሚላ።

«ሱፊያን።»

«እሪ በከንቱ ያለው?»

«እሱ ራሱ። ያውቁታል እንዴ?»

«አውቀዋለሁ ብዬ ነበር» አሉ ሴትዮዋ፤ ሌላ አልተናገሩም።

በአሥረኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ሐሴት የሥራ ባልደረባዋ ሰርግ ለመሄድ ስትዘጋጅ ጥፍር ቀለሟን ከአባቷ ዳሽቦርድ ውስጥ አገኘችው።

«አባዬ፣ ይሄ መኪናህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ጋሽ እምሩ ጠበቅ አድርገው ዝም ሊሉ አሰቡ። ግን ዘዴው ለብዙ ዓመት ያለ አድናቂ ቀርቶ ነበርና አላስቻላቸውም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት። ሐሴት አንዱን እጇን ቀብታ ሌላውን ሳትቀባ ሰማቻቸው።

«ካርቡራቶር የሚያጥቡት በምንድን ነው?» አለች፣ አባቷ ሲጨርሱ።

«መጀመሪያ በቤንዚን። ከዚያ በቲነር።»

ሐሴት ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ጠርሙስና ጥጥ ይዛ ተመለሰች። ጥጡን ነከረች፣ አሁን የቀባችውን አውራ ጣት አንዴ ጠረገችው። ጥፍሩ ባዶውን ቀረ። የቀላውን ጥጥ አባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ይሄ አሴቶን ነው» አለች። «ቲነር ከዚህ ይብሳል።»

ጋሽ እምሩ ወደ መኪናዋ ወጡ። ከሱቃቸው ባመጧት ትንሽ የእጅ ባትሪ ካርቡራቶሩን ከሥር ከላይ አዩት። ከአንዲት ብሎን ጥግ፣ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀይ ነገር ቀርታለች። የእሳቸው ነው። የታጠበ የራሳቸው ካርቡራቶር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የፈለጉትን ሰው አግኝተው ነበር፤ ያገኙትንም ሌባ ብለው ሰድበውታል። አፈሩ። ያፈረ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ እሳቸው አንገታቸው ቀድሞውኑ ኮፈን ሥር ተደፍቶ ስለነበር እዚያው ቆዩ።

ሰኞ ጋራዡ ሄዱ። ሱፊያን አንድ አይሱዙ ሥር ተኝቷል፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

«ሱፊያን።»

«አቤት።»

«እኔ ነኝ፣ እምሩ።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ጋሽ እምሩ ለጫማዎቹ ሁሉንም ነገር ተናዘዙ፤ ስለ ነጥቡ፣ ስለ ቲነሩ፣ ስለ አሴቶኑ። ይቅርታም ጠየቁ። ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመው ሲያበቁ ሱፊያን ከሥር «ሰምቻለሁ ጋሼ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አላቸው፤ በትሕትና።

ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ መንገድ ነበር።

«ለመካኒክ ሽማግሌ?» አሉ ጋሽ ካሣሁን።

«ለመካኒክ።»

«ተልኮ ያውቃል?»

«ታማኝ መካኒክስ ታውቆ ያውቃል?»

ጋሽ ካሣሁን ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ በአጥር የተጣሉ፣ በውርስ የተካሰሱ ወንድማማቾች አስታርቀዋል። ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የሱፊያን አጎት ሐጂ ሸምሱም ተለምነው አብረው መጡ። ሦስቱ በዲኤክሷ ቁልቁል ወርደው ጋራዡ ውስጥ በተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀመጡ። ሱፊያን ለአጎቱ ሲል እጁን ታጥቦ ፊታቸው ቆመ። ጋሽ ካሣሁን ስለ ሰላም ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ ይህ ንግግር በአብዛኛው ለባልና ሚስት የተዘጋጀ ስለነበር «አንድ ጎጆ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ገባበት። ማንም አልሳቀም።

ሱፊያን ሰምቶ ሲጨርስ ተናገረ።

«ሌባ መባሉን እችለው ነበር። ሥራችን ነው፤ ሳንሰርቅም እንባላለን። ግን ጋሼ ወይዘሮ ካሚላ ዘንድ ሄደው ተናገሩ። ልጃቸውን አስማን ልጠይቅ ነበር፤ ሁለት ዓመት ጠብቀናል። ከረመዳን በኋላ ሽማግሌ ላክ ብለውኝ ነበር። አሁን ሌባ ደጄን አይረግጥም ብለዋል።»

ጋሽ እምሩ ጆንያው፣ ሚዛኑና የሴትዮዋ ዝምታ ትዝ አላቸው።

«ምን ላድርግልህ ልጄ?»

«በአፍዎ ያበላሹትን በአፍዎ ያቅኑልኝ። ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ፤ ተናጋሪውም እርስዎ ይሁኑ።» ቀጥሎ ወደ መኪናዋ አየ። «አንድ ሌላ ነገር አለ። ስትገባ ፍሬኗ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ፤ እሠራታለሁ። ነገር ግን ከዛሬ ወዲያ ከእኔ እጅ የወጣችን መኪና ኮፈን ከፍተው፣ ጎማ ፈትተው፣ ቀለም ቀብተው አያጣሩብኝ። አንዴ ካጣሩ ሌላ መካኒክ ይፈልጉ። እየተጠረጠርኩ መሥራት አልችልም።»

ጋሽ እምሩ ቃል ገቡ። ጋሽ ካሣሁን ምስክር ሆኑ። ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ የጋሽ እምሩ ኮትም ግሪስ ነካው።

ፍሬኑ ሐሙስ ተሠራ። ሱፊያን «የፊቱን ሁለቱንም የፍሬን ሸራ ቀይሬያለሁ» ብሎ የዚያን ዋጋ ብቻ ተቀበላቸው። አሮጌውን ሸራ በፌስታል ሊሰጣቸው ሲል ጋሽ እምሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ዓርብን ቻሉ። ቅዳሜን በሱቅ ሥራ አሳለፉት፤ ሁለት ጊዜ ወደ መኪናዋ ሄደው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። የሽማግሌው ቡድን አትክልት ተራ ወይዘሮ ካሚላ ቤት የሚሄደው እሑድ በአራት ሰዓት ነበር። እሑድ ገና ወፍ ሲንጫጫ ጋሽ እምሩ በነጠላ ጫማ ወጥተው፣ ክሪኩን አስገብተው፣ የፊት ጎማዋን ፈቱ።

ሸራው አዲስ ነው። ሌላም አዩ። ለዓመታት ተሰነጣጥቃ የነበረችው የፍሬን ዘይት ቱቦ በአዲስ ተቀይራለች። ይህችን ሱፊያን አልነገራቸውም፤ አላስከፈላቸውምም። ጋሽ እምሩ ጎማው ፊት ቁጢጥ ብለው ቆዩ። በጣም ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ በጣም አፈሩ። ጎማውን መልሰው አሰሩ፣ እጃቸውን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠቡ፣ የሆነውን ነገር ለማንም ላለመናገር ወሰኑ።

ወይዘሮ ካሚላ ሳሎናቸው በር ላይ ተቀበሏቸው። ሐጂ ሸምሱ ሰላምታውን አደረሱ። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ተባለ።

«እንግዲያው አሳጥሩት፤ ጉልበታችሁን አስባችሁ» አሉ ወይዘሮ ካሚላ።

ጋሽ እምሩ ተናገሩ። ልጅቱን ለሱፊያን ጠየቁ። ወይዘሮ ካሚላ በትኩረት ተመለከቷቸው።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ሌባ ነው ያሉኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የዋሹት ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?»

«ያኔ ተሳስቼ ነው» አሉና ስለ ጥፍር ቀለሙ ተናገሩ። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የሴት ልጃቸውን ጥፍር ቀለም ሰርቀው ካርቡራቶር እንደሚቀቡ በሰው ቤት ቆመው ሲናገሩ ላብ በጀርባቸው ወረደ። ከመጋረጃው ኋላ አንዲት ልጅ ሳቋን ስታፍን ተሰማ። ወይዘሮ ካሚላ አልሳቁም።

«አሁን ያምኑታል?»

«አምነዋለሁ። ጨዋ ልጅ ነው።»

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ ሴትዮዋ ቃሉን እየደገሙ። «ትልቋን ልጄን ሲጠይቁኝም ሦስት ሰዎች እዚሁ ቆመው ጨዋ ልጅ ነው ብለውኛል። በዓመቱ ልጄ ጥርሷ ተሰብሮ፣ ሕፃን አዝላ በዚህ በር ገባች። ሦስቱም ሰዎች እስከ ዛሬ በመጋዘኔ በኩል ያልፋሉ፤ ሰላም ይሉኛል። እኔ ለዚህች የሽማግሌ ምስጋና አልቀበልም። ያላችሁ ይሄው ከሆነ በሰላም ሂዱ።»

ሐጂ ሸምሱ አቀረቀሩ። ከመጋረጃው ኋላ የነበረው ድምፅ ጠፋ። ጋሽ ካሣሁን ስለ ጎጆ ሊጀምሩ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

ጋሽ እምሩ ሌላ የሚሉት ነገር እንዳለ ያውቃሉ። ቢናገሩት ጋሽ ካሣሁን ይሰማሉ፤ ጋሽ ካሣሁን የሰሙትን ደግሞ ፒያሳ በሙሉ ይሰማዋል። ሃያ ሁለት ዓመት የፈለጉት ሰው ባንዲት አረፍተ ነገር ከእጃቸው ይወጣል። ባይናገሩት ማንም አያውቅም፤ መኪናዋም እንዲህ እንደሆነች ትኖራለች። ልጁ ግን ሌባ እንደተባለ ይቀራል።

«ዋሽቻለሁ» አሉ። «አላምነውም ነበር። ዛሬ ጠዋት እንኳ አላምነውም ነበር።»

«እንዴት?»

«ሐሙስ ፍሬን ሠራልኝ። ከዛሬ ወዲያ እንዳታጣራብኝ ብሎ ቃል አስገብቶኛል፤ እነዚህ ምስክሮች ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ንጋት ላይ ጎማውን ፈትቼ አየሁት።»

ጋሽ ካሣሁን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን አገኙ?» አሉ ወይዘሮ ካሚላ።

«ሠራሁ ያለውን ሠርቷል። ሳይነግረኝ፣ ሳያስከፍለኝ ያደረገውም አለ። ቱቦዋ ተሰነጥቃ ነበር፤ ብትበጠስ ይህን ቁልቁለት ስወርድ እሞት ነበር። ቀይሯታል።»

ወይዘሮ ካሚላ ትንሽ አሰቡ። «ያን ጊዜ እንደማያዩት ያውቅ ነበር?»

«ቃል ገብቼለት ነበር። ማንም እንደማያየው እያወቀ ነው የሠራው።»

ወይዘሮ ካሚላ ጋሽ እምሩን ልክ ሚዛን እንደሚያነቡ አድርገው አዩዋቸው።

«አስማ» አሉ ወደ መጋረጃው። «ወንበር አምጪላቸው።»

ሱፊያን ጋራዡ ውስጥ፣ በእሑድ ቀን፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እየጠበቀ ነበር። ሐጂ ሸምሱ ገና ከመኪናዋ ሳይወርዱ «ወንበር አምጪ አለች!» ብለው ጮኹ። ሱፊያን የነገሩ ትርጉም ገባውና ንጹሕ ሱሪው ሳያሳስበው ጎማ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። ተነሥቶ አጎቱን፣ ከዚያ ጋሽ ካሣሁንን፣ ከዚያ ጋሽ እምሩን ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

ጋሽ ካሣሁን ሊናገሩ ሲሉ ጋሽ እምሩ ቀደሟቸው። ከእሳቸው አፍ ይስማው ብለው ነው።

«ልጄ፣ ጎማውን ፈትቼ አይቼዋለሁ።»

ሱፊያን ጎንበስ እንዳለ ቆየ። «መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ወይዘሮ ካሚላንም ያሳመናቸው እሱ ነው።»

ሐጂ ሸምሱ ቸኩለው የሆነውን ሁሉ ተረኩለት፤ ስለ ቱቦዋ፣ ስለ ሴትዮዋ ጥያቄ። ሱፊያን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የጋሽ እምሩን ጉልበት ሳመ፣ ቀና አለ።

«አላህ ይስጥልኝ ጋሼ። እስክሞት አልረሳልዎትም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፤ «መኪናዋን ግን ከዛሬ ወዲያ አልነካም። ቃል ተነጋግረናል።»

«አውቃለሁ።»

«ቅር እንዳይልዎት።»

«ቅር አይለኝም» አሉ ጋሽ እምሩ። በጣም ቅር ብሏቸዋል። ሆኖም ልጁ «ግድ የለም» ብሎ ቢተወው ኖሮ እሳቸው ይጠረጥሩት እንደነበር ራሳቸውን ያውቃሉ። የመኪናዋን ቁልፍ በእጃቸው እያገላበጡ ቆሙ።

«ለሰርጉ ይመጣሉ» አለ ሱፊያን። «ከአባቴ ጎን ነው የሚቀመጡት።»

«እመጣለሁ።» ቁልፉን ወደ ኪሳቸው ከተቱት፤ መልሰው አወጡት። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከአንተ ሌላ ታማኝ መካኒክ ታውቃለህ?»

ሱፊያን ወደ ቆርቆሮው አጥር እያየ አሰበ። ሙያ ያስተማሩትን አሰበ፤ አብረውት የሠሩትን፣ ከላይ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ያሉትን፣ ከታች ወንዙ ዳር ያሉትን አንድ በአንድ አሰበ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁት።

«የለም ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «አላውቅም።»

ጋሽ እምሩ ይህን ሳያጣሩ አመኑት።